ፓራፋንጎ ለመቁረጥ አንድ ዓመት

አሶሳ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአንለይ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ከቦሎኛ ይድረስህ። እኔ ከወባዬና ከመሥሪያ ቤቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ሁለቱም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይነሡብኛል። በሚያዝያ የጻፍከው ደብዳቤ በሰኔ መጨረሻ ደረሰኝ። ጠርዙ ተከፍቶ እንደገና በሙጫ ተለጥፏል። የምንጻጻፈውን የምናነበው ሁለታችን ብቻ አለመሆናችንን ዕወቅ።

እናትህን፣ አብሮ አደጌን፣ አግኝቻታለሁ። ከደላንታ ከመጡት ጋር በ1977 እዚህ እንደሠፈረች የነገርከኝ እውነት ነው። ስሟን በመዝገብ ሦስት ቀን የፈለግሁት፣ አንዱ ጸሐፊ የስሟን መጨረሻ ቆርጦ «አሰለፍ» ብሎ ከወንዶች ተርታ ስለጻፋት ነው። ያለችበት የሠፈራ መንደር፣ እዚህ አምባ ይሉታል፣ ከአሶሳ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል። በግንቦት የእህል መኪና ላይ ተጭኜ ሄጄ አየኋት። በሕይወት አለች፣ ትበላለች፣ ትሳደባለች። ዓይኗን ግን ታማለች። የዓይን ማዙ ቆቧን ወደ ውስጥ ገልብጦት ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይፍቀዋል። ጎረቤቷ ብዙወርቅ በየሳምንቱ በወረንጦ ትነቅልላታለች፤ ሲበቅል ግን እንደ ገለባ ጠንክሮ ነው። ሐኪም ቢያገኛት የግማሽ ሰዓት ቀዶ ጥገና ነው። ካላገኛት ትታወራለች። አላሳምረውም።

የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ አሶሳ ይመጣል፤ በጥቅምት ማለቂያና በሰኔ። ሠፋሪ ከአምባው የሚወጣው በፈቃድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የሚሰጠው ሐኪሙ ላለበት ሦስት ቀን ብቻ ነው። አስቀድሜ አምጥቼ ቤቴ ላስቀምጣት አልችልም። በጥቅምት መንገዱ ገና ጭቃ ስለሆነ የጭነት መኪና አይገባም። የእኔን ላንድሮቨር ደግሞ በየካቲት ወሰዱብኝ። ያስወሰደብኝ አንድ ገጽ ተኩል ሪፖርት ነው፤ ይህ አፈር በትራክተር በጥልቀት ከታረሰ ዐሥር ዓመት አያበላም ብዬ ጻፍኩ። ይህን ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነበው ሰው ሪፖርቱን በፋይሌ ውስጥ ያገኘዋል፤ አዲስ ነገር አልነገርኩትም።

ስለዚህ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። አንድ ድልድይ ሲሠራ የነበረ ጣሊያናዊ አገሩ ሲገባ በርካሽ ሸጠልኝ። ባለ 250 ነው። መቀመጫው ዝቅ፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ ከፍ፣ የፊት ሹካው ረዘም ያለ፤ ክብደቱ መቶ አርባ ኪሎ አይሞላም። አስፋልት ላይ ተደላድለው ረጅም መንገድ የሚጓዙበት ዓይነት ነው። ከዚህ እስከ ኩርሙክ ድረስ ግን አንድ ሜትር አስፋልት የለም። ለዚህ አገር እንዲሆን መለወጥ አለበት። አንተ የሞተር መካኒክ ነኝ ብለህ ስለጻፍክልኝ ሦስት ነገር እጠይቅሃለሁ።

አንደኛ፣ ከፍ ብሎ የሚታሠር የፊት ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎ። የአሁኑ ከጎማው በላይ ያለው ክፍተት አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ዋልካው እዚያ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ሁለተኛ፣ ካቴናው የሚዞርበት የኋላ ኮሮና፣ ከአሁኑ አራት ጥርስ የሚበልጥ፣ ከነካቴናው። ሦስተኛ፣ እናትህ ተደግፋ የምትቀመጥበት የኋላ መደገፊያ። ሥዕሎቹን አያይዣለሁ። ልኩ በሚሊ ሜትር ነው፤ በግምት የሠራሁት አንድም መስመር የለም። ቃሉ የጣሊያኖቹ ስለሆነ ፓራፋንጎ ብትላቸው ይገባቸዋል። ከጥቅምት አጋማሽ በፊት ይድረሰኝ።

ካሣዬ


ቦሎኛ፣ መስከረም 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ምትክ ለጋሼ ካሣዬ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። የደላንታ አድባር ወባዎን ታንሣልዎ፣ የሚጠሉዎትን ሁሉ ታስረሳዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

እናቴ በሕይወት አለች የሚለውን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። «ትሳደባለች» ያሉት ቦታ ላይ ስደርስ ደግሞ ሳቅሁ። እሷው ናት።

ሥዕልዎ ደርሶኛል። ለአለቃዬ አሳየሁት፤ «ይህን የሠራ ሰው ቀላል ሰው አይደለም» አለ። ጋራዡ አሁን ሥራ ስለበዛበት ፓራፋንጎው ትንሽ ይቆያል። እስከዚያው ባዶ እጄን ከምሆን ሁለት የጎን መስተዋት ልኬአለሁ። ኒኬል ናቸው፤ ዝናብ አያዝጋቸውም። ራሴ ነኝ የወለወልኳቸው።

አንድ ፎቶግራፍም አለበት። ከእርስዎ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ሞተር አጠገብ ቆሜ የተነሣሁት ነው። ይህን ለእናቴ ያሳዩልኝ፤ ዓይኗ ጨርሶ ሳይደክም። ጠጉሯ ሸብቷል? ስለ እኔ ትጠይቃለች? ምን ሥራ እንደምሠራ ነግረዋታል?

እግርዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ አንለይ


አሶሳ፣ ኅዳር 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአንለይ፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር፤ ከዚህ በኋላ ያለው መልካም ቃል አይደለም።

ፓራፋንጎ ጠየቅሁ፣ መስተዋት ላክህ። እኔ ወደ ኋላ የማየው ምን አለኝ? የፈለግሁት ወደ ፊት መሄድ ነው። ሥዕሉ ላይ መስተዋት የሚል ቃል የት አነበብክ?

ሐኪሙ ጥቅምት 22 ገባ። በማግሥቱ ሞተሩን እንደነበረው ይዤ ተነሣሁ። አሥራ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁልቁለቱ አልቆ ረባዳው ሲጀምር ዋልካው ፓራፋንጎው ሥር ገባ፣ ጎማው ታሠረ፣ እኔ በመሪው ላይ አልፌ ሄድኩ። በእንጨት ፈለፈልኩ፤ ሃምሳ ሜትር ሄድኩ፤ ታሠረ። እንደገና ፈለፈልኩ። እንዲህ ሆኜ እስከ ቀትር ሁለት ኪሎ ሜትር ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ገፍቼ ተመለስኩ። ሠላሳ ዓመት ስለ አፈር ያጠናሁ ሰው ነኝ። ይህ ጭቃ ስድሳ በመቶ ሸክላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቄ አንድ ሜትር አላስኬደኝም።

ስመለስ ከተማው ዳር ባቢከር አየኝ። ባቢከር የዚሁ አገር ሰው፣ በርታ ነው፤ ማረሻና ገጀራ የሚሠራ፣ ከሱዳን የሚመጣ ብስክሌት የሚጠግን አንጥረኛ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይሄ ሞተር በሽታ የለውም፤ ጫማው ጠበበ ብቻ» አለኝ፤ ኡስታዝ መምህር ማለቱ ነው። «ስጠኝ፣ ፓራፋንጎ እቆርጣለሁ። አሁን።»

«አይቆረጥም» አልኩት። መመሪያው መጽሐፍ ገጽ አርባ ሰባት ላይ ተጽፏል፤ ፓራፋንጎው ሁለቱን የሹካ እግሮች አንድ ላይ የያዘ ነው፣ ከተቆረጠ ሹካው ይጣመማል። መጽሐፉን አውጥቼ አሳየሁት።

«መጽሐፍ ጭቃ አያውቅም» አለኝና ሥራውን ቀጠለ።

እናትህ ሦስቱንም ቀን ፈቃዷን ይዛ መንገድ ዳር ተቀምጣ ዋለች። ይህን የነገረኝ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። ፎቶግራፉ ግን ጠቅሞኛል። የመደገፊያው ማሠሪያ በሁለት ብሎን እንደሚያዝ አፈር በማይበት ማጉያ መነጽር ለይቼዋለሁ፤ ርዝመቱንም ከጎማው ጋር አመዛዝኜ አሰላሁ። አዲሱን ሥዕል ተመልከት። ቀጣዩ ሐኪም በሰኔ ነው። ሰባት ወር አለህ። ሰባት ወር ለአንድ ቆርቆሮ!

ካሣዬ


ቦሎኛ፣ ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ካሣዬ፣

በቁጣዎ ውስጥም ቢሆን ለደህንነትዎ እጸልያለሁ። መውደቅዎን ሳነብ የእኔ ጥፋት እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ፓራፋንጎው የሞዴል ቁጥር ይፈልጋል አሉኝ። ቁጥሩን ስሰጣቸው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። በዚህ ፖስታ ኮርቻ ላይ የሚንጠለጠሉ ሁለት የቆዳ ቦርሳዎች ልኬአለሁ። ትንሽ ቢያረጁም ቆዳቸው ጥሩ ነው። የእናቴን ልብስ ይይዛሉ ብዬ ነው።

ጽሕፈቴ ቢበላሽብዎ ጣቶቼ ስለቆሰሉ ነው። በዚህ ብርድ ሳሙናው ቆዳ ይበላል። ምንም አይደለም፣ ይድናል።

ጋሼ፣ ፎቶውን አየችው? ስለዚህ ምንም አልጻፉልኝም። ምን አለች? ያለችውን እንዳለ ይጻፉልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

አንለይ


አሶሳ፣ መጋቢት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአንለይ፣

ይህን ደብዳቤ ደህና ሆነህ አንብበው።

ቦርሳዎቹ መጡ። ከሥራቸው አንድ ስንዝር የሚረዝም የቆዳ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ቢሮ ሳወጣቸው የሥራ ባልደረቦቼ «አቶ ካሣዬ ሊዘፍን ነው» አሉ። አንተ የምትሠራበት ጋራዥ ምን ዓይነት ነው? የመካኒክ እጅ በናፍጣ ይቆሽሻል፣ በሳሙና ይታጠባል፤ ይህ ይገባኛል። ልክ ተጽፎለት ልክ የማይሠራ መካኒክ ግን አይገባኝም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሥዕል ማንበብ ያልቻለ ሰው አንደኛ ዓመት አያልፍም ነበር።

አሁን መንገዱ ደረቅ ስለሆነ በየካቲት ሁለት ጊዜ አምባው ሄጃለሁ። ሐኪም የለም እንጂ በዚህ ወቅት በኋላ መቀመጫው ጭኜ ባመጣኋት ነበር። ያለ ሐኪም ቀን ወረቀት እንዲሰጣት የአምባውን ኃላፊ ጠይቄ «ጓድ ካሣዬ፣ አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ልዩ ነገር ነው የምትፈልገው» ብሎኛል። ልዩ ነገር ዓይን ነው።

የግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል። ድምፄን ሰምታ ነው ያወቀችኝ።

«ካሣዬ፣ ያ የምትጮኽበት ብረት አልተሠራም?»

«ልጅሽ ዕቃ እስኪልክ ነው» አልኳት።

«አንለይ? ያ ልጅ የውኃ እንስራ ለመሙላት ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። እሱን ጠብቀህ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ፎቶውን አላሳየኋትም። አንደኛ፣ ለመለኪያ ስለምፈልገው ከቢሮዬ አላወጣሁትም። ሁለተኛ፣ ባሳያትስ? ብርሃንና ጥላ ካልሆነ አትለይም።

ባቢከር አሁንም እቆርጣለሁ ይላል። ሳልፍ በመዶሻው ሰላም ይለኛል። እኔ ግን በግምት የተሠራ ነገር ላይ የታመመች ሴት አልጭንም። ሐኪሙ የሚመጣው ሰኔ 10 ነው። ሦስት ወር ነው የቀረን። ፓራፋንጎ። ይህን ቃል ብቻ አስታውስ።

ካሣዬ


ቦሎኛ፣ ግንቦት 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይቁረጡት።

እኔ ምንም አልልክም። መላክ አልችልም፤ ምክንያቱን አይጠይቁኝ። መጽሐፉን ይተዉትና ያንን ሰው ይስሙት። ሐኪም ካላገኛት እንደምትታወር እርስዎ ራስዎ ጽፈዋል።

ማርያምን፣ ይቁረጡት።

አንለይ


አሶሳ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአንለይ፣

ይህን ስጽፍልህ ጤነኛ ነኝ፤ እናትህም እዚህ አጠገቤ ተቀምጣለች። ይህንን ከፊት ያስቀመጥኩት የቀረውን ረጋ ብለህ እንድታነበው ነው።

ደብዳቤህ ሰኔ 7 ደረሰኝ። «ይቁረጡት» የሚለውን አንብቤ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ሌሊት ዝናብ ዘነበ። ጠዋት ሞተሩን እየገፋሁ ባቢከር ዘንድ ሄድኩ።

«ያ ኡስታዝ፣ ዛሬ መጽሐፍ የለም?»

«ቤት ትቼዋለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። ያዝ ይህን» ብሎ መጋዝ ሰጠኝ። «አንተ ራስህ ቁረጥ። እኔ ብቆርጥ ዓመት ሙሉ ትናገረኛለህ።»

ቆረጥኩት። ባቢከር ከአሮጌ አልጋ ብረት ሁለት ዘንግ አውጥቶ ሁለቱን የሹካ እግሮች ከላይ በኩል አያያዛቸው፤ ገጽ አርባ ሰባት የሚፈልገው ይኸው ብቻ ነበር። ከዚያው አልጋ የራስጌውን ከኋላ መቀመጫው ጋር በብሎን አሠረለት፤ መደገፊያ ሆነ። ኮሮናውን ከአሮጌ የውኃ ፓምፕ ላይ አገኘልኝ፤ ሦስት ጥርስ ነው የሚበልጠው፣ አራት አይደለም። በቃ። አንድ ዓመት የጻፍንበት ሥራ ከጠዋት እስከ ምሳ አለቀ። ፓራፋንጎውን ራሱን ለመቁረጥ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሰዓቴን አይቻለሁ።

ሰኔ 10 ሄድኩ። ዋልካው ጎማውን እየጠቀለለ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ጎማው ግን አልታሠረም። የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ በውኃ ተሞልቶ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ እንጂ ደረስኩ። እናትህ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ፈቃዷን በመቀነቷ ቋጥራ ቆማ ነበር። ብዙወርቅ ደግፋ አወጣቻት። እናትህ የአልጋውን ራስጌ በእጇ ዳሰሰች።

«ይህ አልጋ ነው ወይስ በቅሎ?»

«ተደገፊው ብቻ።»

«በአልጋ ተጭኖ የሚሄድ ሬሳ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ!» አለች። ብዙወርቅ «ኧረ ተይ» ብላ ልብሷን ቦርሳው ውስጥ ከተተችላት። የቆዳ ዘርፉን ግን እናትህ ወደደችው፤ መንገዱን ሁሉ በጣቷ ስትጎነጉነው ነበር።

መስተዋቶቹን ደግሞ ላንሣ። ያን ዕለት ጠዋት አንዱን አሥሬው ነበር፤ ለምን እንዳሠርኩት አላውቅም። ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ሙሉ፣ ራሴን ሳላዞር፣ ቀና ብላ መቀመጧን ያየሁት በዚያ ነው። ወደ ኋላ የማየው የለኝም ብዬ ጽፌልህ ነበር። ረባዳው ላይ ስንንገዳገድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«አብሽር ካሣዬ፣ አልወድቅም። ስትፈራ ትከሻህ ይነሣል። ልጅም ሆነህ እንዲሁ ነበርክ።»

ሐኪሙ በማግሥቱ ሠራላት። ቀኝ ዓይኗ ድኗል። ግራው ጠፍቷል። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ይህኛውም ባለፈው ጥቅምት ቢመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር» አለኝ። እሱ ስለ ዓይን ነው የተናገረው። እኔ ግን የሰማሁት ፓራፋንጎው የፈጀብኝን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው።

በአንተ ላይ የጻፍኩትን አልሰርዝም፤ የተጻፈ አይሰረዝም። ስትደግመው ግን ስምህን እያወጣህ የእኔን እያስገባህ አንብበው።

ፈቃዷ የሦስት ቀን ነበር። አሁን ሐምሌ ነው፤ እዚህ ናት። እንዴት እንደሆነ አልጽፍም፤ ደብዳቤ ከፋቹ ሰውዬ ራሱ ይድከም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፋሻው በተነሣ በአራተኛው ቀን ፎቶግራፉን ሰጠኋት፤ ማጉያ መነጽሩንም ጨምሬ። ጠረጴዛዬ ላይ ስምንት ወር የቆየ ፎቶ ነው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ልክ ጽፌበታለሁ። በደጃፉ ብርሃን ይዛው ብዙ ቆየች።

«ይህ ልጅ ደጅ ነው የቆመው» አለች።

«ጋራዥ ነው» አልኳት። «የሚሠራበት ጋራዥ ነው።»

«ሞተሩ የሱቅ መስተዋት ውስጥ ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ነው። የሚያልፈው ሰው ጥላ መስተዋቱ ላይ ወድቆ አታይም?»

አየሁ። አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ ታልፋለች። የአንድ ብሎን ጥርስ የቆጠርኩበት ፎቶ ነው፤ ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም።

«ከካፖርቱ ሥር የሽርጥ ገመድ ወጥቷል። እጁንም እየው። ነጭ ሆኖ ተኮማትሯል። ይህ ብረት የሚነካ እጅ አይደለም፤ ዕቃ የሚያጥብ እጅ ነው። አርባ ዓመት ዕቃ ያጠብኩ ሴት እሱን ላላውቀው?» ፎቶውን ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ያልሠራውን ዕቃ ላክ እያልክ ስትጮኽበት ነበር?» አለችኝ።

አዎ፣ ስጮኽብህ ነበር። ሳሙናውን ጽፈህልኝ ነበር። አነበብኩት፣ ናፍጣ ነው ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ ስለ ሥራህ የምትነግረኝ ካለ ንገረኝ፤ ከሌለም ተወው። እዚያ መስተዋት ውስጥ ያለው ሞተር ሳይክል እኔ እዚህ አለኝ፤ ፊቱ የተቆረጠ፣ ጀርባው አልጋ የሆነ፣ በጭቃ የሚሄድ ነው። ሌላ ዕቃ እንዳትልክ። የሚከተለውን እናትህ ተናግራ እኔ እየጻፍኩ ነው፤ አንድ ቃል አላረምኩም፦

«ዕቃ ማጠብ ነውር አይደለም፤ ውሸቱ ግን ይቅር። እጅህን ማታ ማታ ቅቤ ቀባው። ደግሞ ሌላ ፎቶ ተነሥተህ ላክልኝ፤ ሞተሩን ተወው። ከብርሃኑ ፊት ለፊት ቁም፣ ቀረብ ብለህ። አንድ ዓይን ነው የቀረኝ፤ በብረት ላይ አላባክነውም።»

ካሣዬ